ስለ አንድ ሚስማርና ስለ መህዲ ግንባር

ሐምሌ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ርሆቦት ሰይፈሥላሴ
የወጣት ማዕከሉ የዲቪዲ ሽፋን መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኮልፌ

ጉዳዩ፦ የማዕከሉ ጥበቃ ቤት ጣሪያ የተመታበትን ሚስማር ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎ በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎ በሰላም፣ የቢሮዎ ማህተም በቀለም፣ የጠረጴዛዎ ማስመሪያም በቦታው እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በስተቀር። ወገቤን ምን እንዳገኘው ወደ ታች ስንወርድ ስለምንደርስበት ከአሁኑ አይጨነቁ። ደብዳቤውን በማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በመጣሁ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ናቸው" እያለች የምትደክመውን ጸሐፊዎን ላሳርፋት ብዬ ነው።

ስሜ ከሊፋ ዩሱፍ ይባላል። ከኮልፌ ገበያ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ በብሩሽና በቀለም የንግድ ቤት ሰሌዳ የምጽፍ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የፊደል አጣጣል የለመድኩት የስኳር ጆንያና የጭነት መኪና ጎን እየገለበጥኩ ነው። ጠዋት ከቤትዎ ወጥተው ቢሮዎ እስኪደርሱ ከሚያነቧቸው ሰሌዳዎች ግማሹ የእጄ ሥራ ስለሆነ፣ ሳንተዋወቅ ብዙ ዓመት አንብበውኛል ማለት ነው።

ዛሬ የማስቸግርዎ እጅግ ጥቃቅን በሆነ ጉዳይ ነው።

1ኛ. ስለ ሚስማሩ። በማዕከሉ በር ላይ ያለችው የጥበቃ ቤት ጣሪያዋ በቅርቡ ታድሷል። ስለ እድሳቱ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ያመሰግንዎታል። ነገር ግን የሠራው ሰው ላሜራውን የመታው ለእንጨት በሚሆን ተራ ሚስማር ነው። የጣሪያ ሚስማር ራሱ ሰፊ፣ ከሥሩም ጎማ ያለው መሆን እንዳለበት በኮልፌ የማያውቅ የለም። ጎማ የሌለው ሚስማር ውሃ ያስገባል። ጥበቃው ጋሽ ገሜዳ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወንበራቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያመላልሱ አይቻለሁ፤ ባለፈው ሰኞማ ጃንጥላ ዘርግተው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር። "ጋሽ ገሜዳ፣ ምነው?" ብላቸው "ጣሪያው የአንተ፣ ዝናቡ የእኔ ሆነ!" አሉኝ።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ፈርሜ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ሆኖም ሚስማሩ የተመታበት ቦታ የእህቴ ልጅ የመህዲ ግንባር መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ኮሚቴውን የተሟላ መረጃ መንፈግ ይሆንብኛል።

ሰሌዳውን ቆመው ለሚያነቡ መንገደኞች ላስረዳ። መህዲ የእህቴ የሰብሪያ ልጅ ነው። ሂፕ ሆፕ ይሠራል፤ ማለትም እኔ በአንድ ቀን የምናገረውን እሱ በሦስት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ቤት እየመታለት። ዘንድሮ "የሰልፍ መጨረሻ" የተባለ፣ ሰባት ዘፈን ከነምስሉ ያለበት ዲቪዲ አዘጋጀ። ሰባቱም ዘፈኖች ታክሲ ለመሳፈር ተሰልፎ ስለሚውል ሰው ናቸው። የማሳተሚያውን ወጪ ማዕከሉ ስለቻለለት፣ ሽፋኑን የመምረጥ ሥልጣንም ለእርስዎ ኮሚቴ ሆነ። ይህን ሽፋን መሥራት የእኔ ፋንታ ነው ብዬ ማሰቤ ነው እንግዲህ ጥፋቴ። የመጀመሪያ ደብተሩ ላይ ስሙን የጻፍኩት፣ የኳስ ማሊያው ላይ ሰባት ቁጥርን የቀባሁት፣ ብስክሌቱንም ቢጫ ያደረግሁት እኔ ስለሆንኩ ተታለልኩ።

2ኛ. ስለ ማስታወቂያዎ። በግንቦት ወር በፊርማዎና በማህተምዎ የወጣው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ "የሽፋኑ መጠን 273 በ183 መሆን አለበት።" ሌላ ቃል የለበትም። እኔ ሠላሳ ዓመት በሙያዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደንበኛ "ሁለት መቶ በመቶ አድርግልኝ" ካለኝ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር አደርግለታለሁ፤ ተጣልተንም አናውቅም። በሰፈራችን ሚሊ ሜትር የምትባለው ነገር የምትታወቀው በሬዲዮ የዝናብ መጠን ሲነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሜትር ከሰባ ሦስት በአንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት አድርጌ ሠራሁት።

ዲቪዲ ምን እንደሚያህል አያውቅም እንዳይሉኝ። አውቃለሁ፤ ቤቴም አለ። ነገር ግን ማህተም ያለበትን ወረቀት መጠራጠር ነውር መስሎኝ፣ በትልቁ አሠርተው፣ ከሙዚቃ ቤቶች በላይ ሰቅለው፣ ከዚያ በካሜራ አንስተው ያሳንሱታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዘመናዊ አሠራር ነው ብዬም ለጎረቤት አስረዳሁ።

ሁለት ላሜራ አጋጥሜ አስበየድኩ፣ በብረት አስከፈፍኩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀባሁ። የሣልኩት የኮልፌን የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ከፌርማታው ተነስቶ እስከ ጫማ ተራ የሚደርስ፣ በመጨረሻውም መህዲ ማይክሮፎን ይዞ ተራውን የሚጠብቅበት። መጀመሪያ ያሰብኩት አሥር ሰው ነበር። ዳሩ ግን ሱቄ በር የላትም ማለት ይቻላል፤ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ያየው ሁሉ ደግሞ መግባት ይፈልጋል። ፀጉር ቤት ያላት ሰልሳቢል መጥታ "ጋሼ ከሊፋ፣ በአላህ ከጎረቤቴ ከዊዳድ ኋላ እንዳታሰልፈኝ፤ በእውነተኛው ሰልፍ ይበቃኛል!" አለችኝ። ሥጋ ቆራጩ ደግፌ ቢላውን ደብቄ እንድሥለው ለመነኝ፤ ዊዳድ በአዲሱ ቦርሳዋ ካልሆነ አልገባም አለች። ሲጠናቀቅ አርባ ሦስት ሰው ሆነ። እርስዎንም አልረሳሁም፤ ከፊት ሦስተኛዋ፣ ሰማያዊ ሻርፕ የለበሱት፣ ሰዓታቸውን የሚያዩት እርስዎ ነዎት። አሁን ምስልዎ በጣሪያው ጠርዝ በኩል፣ ርግቦች ማረፍ በሚወዱበት ቦታ ላይ ስለሚገኝ ካለፉ አይቀር ቀና ብለው ይመልከቱት።

ለሰባት ተሸክመን ወደ ማዕከሉ ስናመጣው የታክሲ መንገድ ተዘጋ። ወገቤ የሄደው ያን ቀን ነው። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ "ፋዘር፣ ሥዕሉ ይሳፈር፣ እናንተ በእግር ኑ!" አለን። እውነቱን ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ከእኛ ቀድመው ተሰልፈዋል።

ሥዕሉ በስብሰባ አዳራሽዎ በር አልገባ አለ። ኮሚቴው ግን ለሥነ ጥበብ ካለው ፍቅር የተነሳ ከፎቅ መስኮት ሆኖ ቁልቁል ገመገመው፤ አንድ ስኒ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ያህል። በማግስቱ የደረሰኝ መልስ ሥራዬ "ከተጠየቀው መጠን አሥር እጥፍ በመብለጡ" ውድቅ መደረጉን ይገልጻል። ክብርት ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ተወቅሻለሁ፤ ከተጠየቀው አሥር እጥፍ ሰጠህ ተብዬ ስወቀስ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደብዳቤዎን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ሰቅዬዋለሁ። ሥዕሉን ማንሳት አቅቶን እዚያው ግቢ ብንተወው፣ አንድ ታታሪ ሠራተኛዎ ደግሞ ለጥበቃ ቤቱ ልክ ሆኖ አገኘው።

3ኛ. ስለ አሸናፊዋ። ኮሚቴው የመረጠው ሀዊ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በላፕቶፕ የሠራችውን ነው። እኔ ቅናት የሚባል ነገር አላውቅም። ቅናት ቢኖርብኝ ኖሮ እኔ ሦስት ሳምንት የፈጀሁበትን እሷ በአንድ ከሰዓት፣ ያውም ካፌ ውስጥ፣ ጁስ እየጠጣች መጨረሷ ይከነክነኝ ነበር። ቅናት ቢኖርብኝ ሥራዋን ለሰባት ተሸክማ ሳይሆን ከቁልፍ መያዣዋ ላይ ጥፍር የምታህል ፍላሽ ነቅላ "ይኸውላችሁ" ማለቷ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። እኔ ግን ሽፋኑን በማጉያ መነጽር ያየሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ያየሁትን በትህትና ላቅርብ። መህዲ ከአንድ ረጅም፣ ጥቁር፣ ባዕድ መኪና ተደግፎ ቆሟል። ከኋላው ሕንፃዎች በእሳት ይነዳሉ። አንገቱ ላይ በሬ የሚታሰርበት የሚያህል የወርቅ ሰንሰለት አለ። መህዲ በሰባት ዘፈን ሙሉ ታክሲ አጣሁ የሚል ልጅ ነው፤ ይህ ሁሉ መኪና እያለው ሲሰለፍ የዋለው ለምን እንደሆነ ኮሚቴው ቢያስረዳን መልካም ነበር። መኪናው ደግሞ ታርጋ የለውም። እሳቱን ማንም ሊያጠፋው አልመጣም። በኮልፌ እንኳን ሕንፃ ተቃጥሎ፣ ድስት ሲያር ጎረቤት ባልዲ ይዞ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ማስመሪያ ባይኖርዎትም ሚዛን ይኖርዎታል ብዬ አንድ ነገር እናገራለሁ። ሽፋኑ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቀይ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀይ ስበጠብጥ ኖሬያለሁ፤ ወይ ወደ ሸክላ፣ ወይ ወደ ቲማቲም ይሄድብኛል። እዚያ ላይ ያለው ቀይ ግን ቀይ ነው። አራት ጊዜ በማጉያ ያየሁት እሱን ነው። ይህን መናገሬ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አደራ።

4ኛ. ስለ ባልዲው። በሱቄ ውስጥ አንድ የተደፋ የቀለም ባልዲ አለ። መህዲ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አዲስ ግጥም በጻፈ ቁጥር መጥቶ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። እሱ ያነባል፤ እኔ በብሩሽ እጀታ ባዶ ጣሳ እየመታሁ ምቱን እይዝለታለሁ። ያላማረኝን ስንኝ ስሰማ ጣሳውን ሁለቴ እመታለሁ፤ ተናዶ ይወጣል፤ በማግስቱ አስተካክሎ ይመጣል። ከሰባቱ ዘፈኖች ያንን ባልዲ ሳያውቅ ዲቪዲ ላይ የወጣ አንድም የለም።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ አንድ ጊዜ መጣ። ባልዲው ላይ አልተቀመጠም። በር ላይ ቆሞ "አጎቴ፣ ሥዕልዎ አንደኛ ነው፤ ግን ላሜራ ነው እኮ!" አለኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው "ሂድ፣ ካፌ የምትቀመጠዋ ጣሳ ትምታልህ!" ብዬ መለስኩለት። ይኸው ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። አዲስ ግጥም መጻፉን ከሰው ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ያነበበው ለሀዊ መሆኑንም ሰምቻለሁ። ጆሮዬን ደግሞ ቢጠይቁት ከወገቤ የባሰ ታሟል።

ይህን ሁሉ ለመህዲ በቀጥታ ለምን አትጽፍም ይሉኝ ይሆናል። ክብርት ሆይ፣ የእህት ልጅ በደብዳቤ አይከሰስም። ስለዚህ ጥፋቱን ለእርስዎ መስጠት ግድ ሆኖብኛል፤ ሰፋ ያለ ቢሮ ስላለዎት ይችለዋል። በግንቦቱ ማስታወቂያ ላይ አንዲት "ሚ" እና አንዲት "ሜ" ቢጨምሩ ኖሮ፣ እኔም መዳፍ የምታህል ነገር ሠርቼ፣ በደንብ ተሸንፌ፣ ባልዲዬን ይዤ እቀመጥ ነበር። በትንሽ ሥራ የተሸነፈ ሰው ይረሳል። እኔ ግን በአምስት ካሬ ሜትር ነው የተሸነፍኩት፤ ከታክሲ መስኮት ሳይቀር ይታያል።

የዲቪዲው ምርቃት በመጪው ቅዳሜ በማዕከሉ አዳራሽ መሆኑን ከመጥሪያ ካርዱ ተረድቻለሁ። ካርዱ በዚያ ቀይ ነው የታተመው፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አልመጣም። እህቴ ሰብሪያ ትናንት መጥታ "ወንድሜ፣ ለአንድ ላሜራ ብለህ የልጄን ቀን ልትቀር ነው?" ብላ ብትጮህብኝ፣ "ለላሜራ አይደለም፣ ለሚስማሩ ነው" ብዬ መልሻታለሁ። "የመታኸውም አንተ፣ የተመታኸውም አንተ!" ብላኝ ወጣች። ምን ማለቷ እንደሆነ ከሁለት ሌሊት በፊት ባውቀው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጀምረውም ነበር፤ አንዴ ከተጀመረ ግን ቀለም አይባክንም።

ስለዚህ ሚስማሩ ተነቅሎ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ልጁም በማህተም በተደገፈ ደብዳቤ ወደ ባልዲው እንዲመለስ እየጠየቅሁ፣ ወደ መጨረሻው ቅሬታዬ እሻገራለሁ።

5ኛ. ስለ

ክብርት ሆይ፣ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ የሱቄ በር ተንኳኳ። ከላይ ሱቄ በር የላትም ማለት ይቻላል ያልኩት ከዝናብ ጊዜ በስተቀር ነው፤ ዛሬ ዘግቼው ነበር።

ከከፈትኩ በኋላ የቀጠልኩት ነው። በር ላይ የቆመችው ሀዊ ናት። ውሃ ሆናለች። ላፕቶፗን በፕላስቲክ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። በቅርበት ሳያት ይህ ነው የሚባል ጠላትነት የለባትም፤ ይህም አናደደኝ። "ደህና ዋሉ ጋሼ?" ብላ እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ የዛገ ሚስማር አለ። ከጠዋት ጀምሮ ከጋሽ ገሜዳ ጋር መሰላል ላይ ወጥተው ሥዕሉን አውርደውታል።

ለምን እንደሆነ ስትነግረኝ አቀርቅራ ነው። ለቅዳሜው መድረክ ጀርባ እንዲሆን የእሷን ሽፋን በትልቁ አሳትመውት ነበር። ከተሠራበት መጠን ብዙ እጥፍ ስለተለጠጠ የመህዲ ፊት እንደ ባኞ ቤት ሸክላ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። "እኔ ትንሽ አድርጌ ነው የሠራሁት ጋሼ፤ ትልቅ ይሆናል ያለኝ የለም" አለች። ክብርት ሆይ፣ ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ አልገልጽም፤ ረመዳን ነውና ጾም ያስፈታል።

ቀጥላም "እንዲህ ያለ ቀዳዳ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን በአንዴ እደፍነው ነበር፤ ላሜራ ላይ ግን አላውቅበትም፤ የእርስዎ ሥዕል መድረኩ ላይ ይቁምልን" አለችኝ። ያንን ቀይ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደበጠበጠችው ጠየቅኋት። ፈጠን ብላ "ሁለት መቶ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ" አለች። "ምን? ጣሳ?" ብላት ግራ ገብቷት አየችኝ። እርስዎ ዘንድ የሠለጠነች ልጅ መሆኗን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ከዚያ ሳትጠየቅ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ተነሺ፣ የሰው ቦታ ነው ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "መህዲ ነው የላከኝ። እሱ ፌርማታው ጋ ዝናብ ላይ ቆሟል። 'ከተቆጣ ዝም ብለሽ ውጪ፤ ከሳቀ ግን ጥሪኝ' ብሎኛል።"

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ፊቴን እያየች ነው። አልሳቅሁም። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ስጽፍ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን መያዝ ስለለመድኩ ብዙ መቆየት እችላለሁ።

ሁለት መቶ ሰባ ሦስት በአንድ መቶ ሰማንያ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ አክብሮቴን፣ ጎማ በሌለው ሚስማር የተመታ ትህትናዬን፣ እንዲሁም ከፎቅ መስኮት ሆነው ቢመለከቱት እንኳ በደንብ የሚታይ ምስጋናዬን በእግርዎ ሥር እያኖርኩ፣ ሁልጊዜም ከታዘዘው አሥር እጥፍ የምታዘዝዎ

ከሊፋ ዩሱፍ
ሰሌዳ ጸሐፊ፣ ያለ አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለጋሽ ገሜዳ፣ ከአንድ እሽግ ባለ ጎማ ሚስማር ጋር
በሥዕሉ ላይ ለሚገኙ አርባ ሁለት ሰዎች (አርባ ሦስተኛዋ ዋናውን ይዘዋል)

ማስታወሻ፦ ሀዊ ከእርስዎ የተላከ፣ ፊርማና ማህተም ያለበት አጭር ወረቀት አሁን ሰጠችኝ። መድረኩ ሰፊ ስለሆነ በሥዕሉ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ሰልፍ ሥዬ እንድሞላው ይጠይቃል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ "ጠቅላላ መጠን 6 በ4 መሆን አለበት።" ሌላ ቃል የለበትም። ክብርት ሆይ፣ ስድስት ምን? ወረቀቱን ሁለቴ ካነበብኩት በኋላ የያዝኩት ትንፋሽ በሳቅ አመለጠኝ፤ ልጅቷ ጃንጥላዬን ነጥቃ ወደ ፌርማታው ሮጣለች። ዕድሜ ለማስመሪያዎ! መልስዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ሥራውን በኪሎ ሜትር የጀመርኩ መሆኔን እያሳወቅሁ፣ አሁን ባልዲውን ማድረቅ ስላለብኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።